ጀልባዋ የት ታድራለች? ቤት ውስጥ የእንጨት ሸራ ጀልባ መሥራት ላማራችሁ

ሰው ጀልባ ለመሥራት ሲነሳ ዓይኑ የሚያርፈው ፎቶ ላይ ነው። ነጭ ሸራ፣ ቫርኒሽ የጠጣ እንጨት፣ ልትጠልቅ ያለች ፀሐይ። እኔም የተያዝኩት በዚሁ ነው። ገና መጋዝ ሳልይዝ ስም ማውጣት ጀምሬ ነበር። አንድ ማታ ባለቤቴ ቡና እያፈላች፣ «እሺ፣ አለቀች እንበል። የት ነው የምታድረው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

አሁን ጀልባዋ አልቃ ጓሮ ቆማለች። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ከእኛ ቤት ሩቅ አይደለም። «የትኛዋን ልሥራ?» ብሎ የሚጠይቀኝን ሰው ሁሉ የባለቤቴን ጥያቄ መልሼ እጠይቀዋለሁ። የአሠራር ዘዴውንም፣ የእንጨቱንም፣ የምሰሶውንም ነገር የሚወስነው ማደሪያዋ ነውና። እዚህ የማወራው ሰው ሌሊት ሊያድርባት ስለሚችል፣ ከ3.5 እስከ 7 ሜትር ስለምትረዝም የሸራ ጀልባ ነው።

መጀመሪያ የገንዘቡን ነገር እንጨርስ

ገንዘብ ለመቆጠብ ከሆነ አትሥሩ። አሜሪካ ውስጥ ያገለገለ የፋይበርግላስ ጀልባ ሞልቷል። ካታሊና 22 የምትባለው ብቻ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ከ15,000 በላይ ተሠርታለች። አሮጌዋ ከነተሳቢዋ የምትሸጥበት ዋጋ አንዳንዴ አዲስ ሸራ ከማሰፋት ብዙም አይበልጥም። ውሃ ላይ መውጣት ብቻ ከሆነ ፍላጎታችሁ፣ እሷን ገዝታችሁ በሚቀጥለው ቅዳሜ ውጡ። ቤት የሚሠራ ሰው የሚሠራው መሥራቱን ስለሚወድ ነው። መላጊያ ከእንጨት ላይ ስስ ፍቅፋቂ ሲያነሳ ደስ የማይለው ሰው ሁለተኛው ወር ላይ እጅ እጅ ይለዋል።

ተሳቢ ላይ ወይስ ውሃ ላይ?

ተሳቢ ላይ የምታድር ጀልባ የወደብ ኪራይ የለባትም። ሥሯን በየዓመቱ የባሕር ቅርፊት በሚከላከል ቀለም መቀባት አያስፈልግም። ጥገናዋም እቤት፣ መብራትና ሻይ ባለበት ነው። ዋጋዋን የምትከፍሉት በሌላ በኩል ነው። በወጣችሁ ቁጥር ምሰሶ ማቆም፣ ገመድ መዘርጋት፣ ከመወጣጫው ወደ ውሃ መግፋት አለ። ይሄ ሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ከፈጀ ከሥራ መልስ የመውጣቱን ነገር እርሱት። መኪናችሁ የሚጎትተውም ክብደት ገደብ አለው። ስለዚህ ቀላል፣ ምሰሶዋ አጭር፣ ከሥሯ ወደ ውሃው የሚወርደው ክንፍ (ኪል የሚባለው) በገመድ ወደ ላይ የሚሰበሰብ መሆን አለባት።

ኪሉ መሰብሰቡ እኛ አካባቢ ሌላም ጥቅም አለው። ቼሳፒክ ሲያዩት ባሕር ይመስላል እንጂ አማካይ ጥልቀቱ 6.4 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ጸጥ ያሉት፣ መልሕቅ ጥሎ ለማደር የሚመቹት የዳር ገባሮች ደግሞ ብዙ ቦታ ላይ ሰው ቆሞ የሚሻገራቸው ናቸው። ከሥሯ አንድ ሜትር ከሃያ የሚወርድ ኪል ያላት ጀልባ እዚያ አትገባም።

ውሃ ላይ የምታድረዋ ሁልጊዜ ዝግጁ ናት። ደርሳችሁ ገመድ ፈትታችሁ ትሄዳላችሁ። ትልቅም ከባድም ብትሆን ችግር የለም፣ የእርሳስ ክብደት ያለው ቋሚ ኪል ሊኖራትም ይችላል። ግን ኪራዩ አለ፣ የሥር ቀለሙ አለ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዝናቡ አለ። እንጨትን የሚያበሰብሰው በአብዛኛው ከላይ ገብቶ ጥግ ላይ የሚቀመጠው የዝናብ ውሃ ነው፤ ጨዋማው የባሕር ውሃማ እንዲያውም ይሻላል።

አንድ የባሕር ዳር ከተማ ልጅ የሆነ ጎረቤቴ ሥራዬን ሊያይ መጥቶ ይሄን ሁሉ ስዘበዝብለት ሳቀብኝ። «ታንኳም እኮ ከውሃ ወጥታ ካልደረቀች አትሰነብትም» አለኝ። እውነቱን ነው። የጣና ደንገል ውሃ ይጠጣል፤ ታንኳዋ ዳር ወጥታ ትደርቃለች፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ በሌላ ትተካለች። የኖርዌዩ አሳሽ ቶር ሄየርዳል በ1969 አትላንቲክን ሊሻገርባት የተነሳባት «ራ» የተሠራችው ከጣና በሄደ ደንገል ነበር። ከሞሮኮ ተነስታ ሳምንታት ሙሉ ውሃ ላይ አድራ አድራ፣ ባርቤዶስ ሳትደርስ ተበታትና መተው ግድ ሆነ።

እንዴት ትሠራለች?

የማደሪያውን ነገር ከወሰናችሁ ከዘዴዎቹ ግማሹ በራሱ ይወድቃል።

ባህላዊውን እንይ። ጣውላዎች ጎን ለጎን ይገጠማሉ፣ በመሃላቸው ያለው ክፍተት በጥጥ ይጠቀጠቃል፣ ከላይ ማሸጊያ ይመረግበታል። ጀልባዋ ውሃ ውስጥ ስትገባ እንጨቱ ያብጥና ክፍተቱን ራሱ ይዘጋዋል። ግሩም ነው፣ ሺህ ዘመን የሠራ ነገር ነው። ግን ይህቺው ጀልባ በሐምሌ ፀሐይ ተሳቢ ላይ ሁለት ሳምንት ትቁም። ጣውላው ይሸሻል፣ ክፍተቱ ይከፈታል፣ ስትመለስ እንደ ወንፊት ታፈሳለች። እንደገና እስክታብጥ ባልዲ ይዞ መቀመጥ ነው። ተሳቢ ካላችሁ ይሄን ዘዴ እርሱት። ውሃ ላይ የምታድር ከሆነችም ለመጀመሪያ ጀልባ አልመክርም፤ የጎድን አጥንቶቿን በእንፋሎት ማጠፍ ብቻ ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ሁለተኛው ተደራራቢው ነው። ስስ የፕላይውድ ገበታዎች (እኛ ሀገር ኮምፔርሳቶ የምንለው) እንደ ቆርቆሮ ክዳን ጠርዝ በጠርዝ ተደራርበው ኢፖክሲ በተባለ ከሁለት ፈሳሽ የሚበጠበጥ ማጣበቂያ ይጣበቃሉ። የስካንዲኔቪያ የጥንት ባሕረኞች ቫይኪንጎች በብረት ምስማር ያደርጉት የነበረው ነገር ዘመናዊ ልጅ ነው። ለዓይን ከዚህ የሚያምር የለም፤ በእያንዳንዱ ገበታ ሥር ቀጭን ጥላ ይሰመራል። ቀላልም ነው፣ ደርቆ አይሰነጠቅም። ነገር ግን መጀመሪያ ገበታዎቹ የሚታጠፉበት ቅርጽ ማውጫ መሥራት ያስፈልጋል። የእያንዳንዱ ገበታ ጠርዝ ደግሞ ማዕዘኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተለዋወጠ በእጅ መላጊያ ይላጋል። ትዕግሥት ላለው ሰው ነው።

ሦስተኛው እኔ የመረጥኩት ነው፤ መስፋትና ማጣበቅ። ትንሽ ላብራራው፣ ምክንያቱም ሰው ሲሰማው አያምንም። ሁለት ጠፍጣፋ የፕላይውድ ገበታዎች እንደ ተዘጋ መጽሐፍ ተነባብረው ይተኛሉ። በታጠፈው ጠርዝ በኩል በየ15 ሴንቲሜትሩ ትበሳላችሁ፣ የመዳብ ሽቦ ታሳልፋላችሁ፣ በፒንሳ ታጠማዝዛላችሁ። ከዚያ መጽሐፉን ትከፍቱታላችሁ። ጠርዙ የተቆረጠው በኩርባ ስለሆነ፣ ስትከፍቱት ጠፍጣፋው እንጨት ራሱ ይጎብጣል። ፊት ይሾላል፣ መሃል ይሰፋል። ጠዋት የእንጨት ክምር የነበረው ማታ ላይ ጀልባ ይመስላል። ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ አይታ፣ «ማን አመጣው?» ነው ያለችው።

ከዚያ በእንጨት ዱቄት ወፍሮ እንደ ጠንካራ ገንፎ የሆነ ኢፖክሲ መገናኛው ውስጥ እንደ ስቱኮ ይሞላል፣ በማንኪያ ጀርባ ይለሰልሳል፣ በላዩ የፋይበርግላስ ጨርቅ ይለጠፋል። ሽቦው ይወጣል። በዚህ ዘዴ ዓለምን ያጥለቀለቀችው በ1963 የወጣችው ሚረር የተባለች ቀይ ሸራ ያላት ትንሽ የእንግሊዝ ጀልባ ናት። ከ70,000 በላይ ተሠርታለች፤ ብዙዎቹም በየቤቱ ጋራዥ ነው። መስፋቱ ግን ከእንግሊዝ አልተጀመረም። የ6ኛው ክፍለ ዘመን ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒየስ ስለ አክሱምና ስለ ቀይ ባሕር ሲያወራ፣ በዚያ ባሕርና በሕንድ ያሉ ጀልባዎች በብረት ምስማር ሳይሆን በገመድ የተሰፉ ናቸው ይላል። ሽቦ ሳጠማዝዝ ይሄ ትዝ ሲለኝ ትንሽ ኩራት ቢጤ ሽው ይልብኛል፣ አልዋሽም።

ጉዳቱ ማለስለሱ ነው። ፋይበርግላስና ኢፖክሲ በበዛበት ሁሉ የብርጭቆ ወረቀት ይበዛል። የተደራራቢው ሠሪ በመላጊያ የሚያጠፋውን ጊዜ እኛ አቧራ ውስጥ እናጠፋዋለን።

ከቀጫጭን የጥድ ዘንጎች የሚሠራም አለ፤ ክብ ቅርጽ ለሚፈልግ ነው። ስስ እንጨቶችን በሰያፍ እያነባበሩ የሚያጣብቁትም አለ፤ ጠንካራና ቀላል ይሆናል። ሁለቱም ብዙ ሰዓት ይበላሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራ ሰው አይሆኑም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የጀልባዋ ቀፎ፣ ባዶ አካሏ ማለቴ ነው፣ ሲያልቅ ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለህ ይላል። ደስ አይበላችሁ። ቀፎው ከሥራው አንድ ሦስተኛ ቢሆን ነው። ጣሪያው፣ ውስጡ፣ ምሰሶው፣ መሪው፣ ቀለሙ ገና ናቸው። «የትኛው ዘዴ ይፈጥናል?» ብላችሁ ስትከራከሩ የምትከራከሩት በዚያች ሲሶ ላይ ነው። ሰዓት መቆጠብ ከፈለጋችሁ ዘዴውን ከመለዋወጥ ይልቅ ጀልባዋን አሳጥሯት። ርዝመቷ በአንድ ሜትር ሲጨምር ሥራው የሚጨምረው በአንድ ሜትር ብቻ አይደለም፤ ወርዱም ከፍታውም ክብደቱም አብሮ ያድጋል።

ኪት ወይስ ፕላን?

ፕላን ማለት ወረቀት ነው፤ እንጨቱን ራሳችሁ ገዝታችሁ ትቆርጣላችሁ። ኪት ማለት በኮምፒውተር በሚመራ መቁረጫ የተቆራረጠው እንጨት ከነቁጥሩ እቤት ሲመጣ ነው። የፕላይውድ ገበታ ርዝመቱ 2.44 ሜትር ነው። ጀልባዋ ከዚያ ስለምትረዝም ሁለት ገበታ መቀጠል አለ። በእጅ ሲቀጠል ጠርዙ በሰያፍ ይላጋል፣ ለውፍረቱ ስምንት እጥፍ ያህል። ለ6 ሚሊሜትር ፕላይውድ 48 ሚሊሜትር ሰያፍ ማለት ነው። ይሄን ደጋግሞ ማሳካት ጥሩ ትምህርት ነው፤ የሚያስለቅስ ትምህርትም ነው። ኪት ሲሆን ቁርጥራጮቹ ጥርስ ለጥርስ ይገጣጠማሉ።

ነፃ ጊዜያችሁ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ከሆነ፣ ከዚያም ላይ ሠርግና ክርስትና የሚነጠቅ ከሆነ፣ ኪት ግዙ። ኪት ከሚልክ ቦታ ርቃችሁ የምትኖሩ ከሆነ ግን ማጓጓዣው ነገሩን ይገለብጠዋል፤ ያኔ ፕላን።

አራት ጀልባዎች

ስካምፕ። ርዝመቷ 3.63 ሜትር ብቻ ነው። የነደፋት የኒውዚላንዱ ጆን ዌልስፎርድ ነው። አፍንጫዋ ድፍጥጥ ያለ ነው፤ መጀመሪያ ስታይዋት ትስቃላችሁ። ግን ብልሃተኛ ናት። ወለሏ ሥር 78 ኪሎ ገደማ ውሃ የሚይዝ ማጠራቀሚያ አላት፤ ውሃ ላይ ስትሆኑ ሞልታችሁ ታከብዷታላችሁ፣ ተሳቢ ላይ ስትወጣ ታፈሱታላችሁ። የሚዘጋ ክፍል የላትም፤ ፊት ለፊት እንደ በረንዳ ያለች መጠለያ አለች፣ የምትተኙት ወለሉ ላይ ነው፣ ድንኳን ቢጤ ዘርግታችሁ። ብቻውን ለሚወጣ፣ ጋራዡ ጠባብ ለሆነ፣ መኪናው ትንሽ ለሆነ ሰው ከሷ የተሻለ አላውቅም። ለባልና ሚስት ግን... ትዳራችሁን እናንተ ታውቃላችሁ።

ፖኬትሺፕ። የሠራሁት እሷን ስለሆነ አድሎዬን አስቀድሜ ልናገር። እዚሁ አናፖሊስ ጆን ሃሪስ ለዚሁ ለቼሳፒክ የነደፋት ናት። 4.52 ሜትር ትረዝማለች፣ 1.90 ትሰፋለች፣ በመስፋትና በማጣበቅ ትሠራለች። የሚዘጋ ክፍል አላት፣ ሁለት ሰው እግሩን ዘርግቶ ይተኛል፣ ምሰሶዋ ከሥሩ ታጥፎ ይተኛል። መቆም ግን አይቻልም። መቀመጥ ብቻ ነው፣ ያውም ቁመታችሁ መካከለኛ ከሆነ። እኔ የመጀመሪያው ሌሊት ሁለት ጊዜ ጭንቅላቴን ተመትቻለሁ። በዚህ መጠን ላላት ጀልባ የውስጥ ሥራዋ ብዙ ነው፤ ጠባብ ቦታ ውስጥ ተኝቶ ማለስለስ ወገብ ይቆርጣል።

ግሬይ ሲል። 22 ጫማ ገደማ ናት፣ 6.7 ሜትር አካባቢ። አውስትራሊያ ተወልዶ ስኮትላንድ፣ ስካይ ደሴት ላይ የኖረውና በ2024 ያረፈው ኢያን ኦትሬድ ንድፍ ናት። ተደራራቢ ናት፣ ሁለት ጫፏ የሾለ፣ የቫይኪንግ የልጅ ልጅ። ከአራቱ ውበቷን የምመርጠው እሷን ነው፤ ለመጀመሪያ ጀልባ የማልመርጠውም እሷን ነው። ወደብ ተከራይቶ ለሚያስቀምጥ፣ አንድ ጀልባ ከዚህ በፊት ለጨረሰ፣ በዓመታት ለሚቆጥር ሰው ናት። በጋራዥ ሳይሆን በሼድ ነው የምትታሰበው።

ቲኪ 21። ይህቺ የተለየች ናት፤ ሁለት ቀጫጭን ቀፎ ያላት ካታማራን። የእንግሊዛዊው የጄምስ ዋራም ንድፍ ናት። ሁለቱን ቀፎዎች የሚያያይዙት ግንዶች በብሎን አይታሰሩም፣ በገመድ ይጠፈራሉ። መጫወቻ ይመስላል። ሮሪ ማክዱጋል የተባለ ሰው ግን ራሱ በሠራት ቲኪ 21 ከ1991 እስከ 1997 ዓለምን ዞሯል። ለጋራዥ የምትመቸው ቀፎዎቹን በየተራ መሥራት ስለሚቻል ነው። መኝታው ግን በእያንዳንዱ ቀፎ ውስጥ እንደ ጠባብ ቦይ ነው፤ ለሁለት ሰው ሁለት የተለያየ ክፍል። ስትገጣጠም ደግሞ ለመንገድ ስለምትሰፋ፣ በተሳቢ ስትሄድ ፈትቶ መልሶ መጠፈር አለ። ቤቱ ለባሕር ዳርቻ ቅርብ ለሆነ፣ አንድ በጋ ሙሉ ገጣጥሞ ለሚተዋት ሰው ጥሩ ናት።

የጋራዥ በር ነገር፦ ወርዱን ብቻ አትለኩ። ጀልባዋ ተሳቢ ላይ ስትወጣ የሚኖራትን ከፍታም ለኩ። እኔ ወርዱን ሦስት ጊዜ ለክቼ ከፍታውን ረስቼ፣ የተሳቢውን ጎማ አስተንፍሼ ነው ያወጣኋት።

እንጨትና ኢፖክሲ

ፕላይውድ ስትገዙ ቢ.ኤስ. 1088 የሚል ማኅተም እዩ። የእንግሊዝ የባሕር ፕላይውድ መለኪያ ነው። ኦኩሜ ከሚባለው እንጨት የሚሠራው ቀላልና ለመታጠፍ የሚመች ነው፣ ከመካከለኛው አፍሪካ ከነጋቦን የሚመጣ ነው፤ ብስባሴን ግን ራሱ አይቋቋምም፣ በደንብ መታሸግ አለበት። ሜራንቲ ይከብዳል፣ ይጠነክራል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ተሳቢ ላይ ለምታድር ኦኩሜ፣ ውሃ ላይ ለምታድር ሜራንቲ እላለሁ። ከሠፈር የቤት ዕቃ መደብር የሚገዛው ርካሹ ደግሞ ውስጡ ባዶ ቦታ ሊኖረው ይችላል። ከተጠራጠራችሁ ቁራጭ ቆርጣችሁ ድስት ውስጥ አንድ ሰዓት ቀቅሉት። ከተላጠ ለጀልባ አይሆንም።

ኦክ ከገዛችሁ ነጩን ግዙ። የቀዩ ኦክ ቀዳዳዎች ክፍት ናቸው፤ አጭር ቁራጭ አንድ ጫፉን ውሃ ውስጥ ነክራችሁ በሌላው ጫፍ ብትነፉበት አረፋ ይወጣል። ውሃም በዚያው መንገድ ይገባል።

ኢፖክሲ ላይ ሁለት ነገር። አንደኛው ሙቀት ነው። ሁለቱ ፈሳሾች ሲቀላቀሉ ራሱ ይሞቃል፣ በብዛት ሲሆን ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ይብሳል። አንድ የጁላይ ቀትር ሥራ ላፋጥን ብዬ ግማሽ ሊትር ያህል በአንዴ በጠበጥኩ። ስልክ ተደወለ። ስመለስ ኩባያው ይጨሳል፣ ፕላስቲኩ ቀልጦ ወደ ጎን ተጣሟል፣ ጋራዡን ሽታ ሞልቶታል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ይሄ ነው። ትንሽ ትንሽ በጥብጡ፣ ቶሎ ብላችሁ ጠፍጣፋ ሳህን ላይ አፍስሱት። ከሁለቱ ፈሳሾች አንዱ ማጠንከሪያ ነው፤ ለበጋ ቀርፋፋውን፣ ለብርድ ፈጣኑን። ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን ብዙዎቹ ይለግማሉ። እንዲፈጥን ብላችሁ ማጠንከሪያ አትጨምሩ፤ መጠኑ ከተዛባ ለዘላለም እንደ ማስቲካ ይቀራል። ሲደርቅ ላዩ ላይ የሰም ዓይነት ነገር ከወጣ በውሃ እጠቡት፣ ከዚያ ነው በብርጭቆ ወረቀት የሚሄደው።

ሁለተኛው ጤና ነው። ኢፖክሲ ደጋግሞ ቆዳ ከነካ አለርጂ ያመጣል፣ አንዴ ከመጣ አይለቅም። ሥራውን ግማሽ ላይ ጥለው የወጡ ሰዎች አሉ። ጓንት ሳታደርጉ አትንኩት። ከነካችሁ በሳሙናና በውሃ ታጠቡ፤ በቀለም ማቅጠኛ ማጠብ ወደ ቆዳ ውስጥ ይገፋዋል።

ሸራው

አጭር ነው። ተሳቢ ላይ የምታድር ከሆነ ረጅምና በብዙ ሽቦ የተወጠረ ምሰሶ ያለው ሦስት ማዕዘን ሸራ አይመቻችሁም፣ ምንም ወደ ነፋሱ አቅጣጫ ለመውጣት የሚበልጠው እሱ ቢሆን። እንደ ስካምፕ ያለ አራት ማዕዘን፣ ከላዩ ዘንግ ያለው፣ አንድ ገመድ ስባችሁ የምትሰቅሉት ሸራ በደቂቃዎች ይዘጋጃል። የፖኬትሺፕ ጋፍ የሚባለው ሸራ (እሱም አራት ማዕዘን፣ ከላዩ በዘንግ የተወጠረ) በሁለቱ መሃል ላይ ነው፤ ምሰሶው አጭር፣ ገመዱ ግን ትንሽ የበዛ።

ወረቀቱ

አሜሪካ ውስጥ ቤት የተሠራች ጀልባ የቀፎ መለያ ቁጥር የሚሰጣት ከስቴቱ ነው። የእንጨቱን፣ የኢፖክሲውን፣ የብሎኑን ደረሰኝ ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ ፖስታ ውስጥ አስቀምጡ፤ ይጠየቃል። አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ለራሳችሁ የሠራችኋት ከሆነች ከብዙው የፋብሪካ ደንብ ነፃ ናት፣ ነገር ግን ሥራ ከጀመረች 5 ዓመት ሳይሞላ ገበያ ላይ ማውጣት አይቻልም። እዚያ የምትኖሩ፣ ሠርቶ መሸጥ ካሰባችሁ ይሄን አስቡበት።

ቁጥሩ 12 ፊደልና አኃዝ ነው፤ ከኋላ፣ በስተቀኝ በኩል፣ በማይጠፋ ሁኔታ መጻፍ አለበት። እኔ በመሮ ነው የቀረጽኩት። አንድ ማታ ሙሉ ፈጀብኝ። ሰባተኛው ትንሽ ጠሞብኛል።